የሕዋስ የማስጠንቀቂያ ደወልና መልእክቱን የሚቆርጠው ቫይረስ



ዘወትር ከደወል፣ ከሽቦና ከፊውዝ ጋር ለሚውል ባለሙያ የሰው ሕዋስ የጥበቃ ሥርዓት ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲ.ኤን.ኤ. ጠቅልሎ በኑክሊየሱ ውስጥ ያኖራል። ማይቶኮንድሪያ በየክፍላቸው ከያዙት ጥቂት በቀር፣ በውጭው ግቢ ማለትም በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. ሊገኝ አይገባም። ከተገኘ ግን አንድም ጠላት ገብቷል፣ አንድም የገዛ ቤቱ ግድግዳ ተሰንጥቋል።

ይህን ግቢ የሚጠብቀው ሲጋስ የተባለው ኢንዛይም ነው። ሥራውን በ2012 መጨረሻ ይፋ ያደረጉት በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ዚጂያን ቼንና ባልደረቦቹ ናቸው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሲጋስ የዲ.ኤን.ኤ.ውን ጽሑፍ አያነብም፤ ረዘም ያለ ድርብ ፈትል ባገኘ ጊዜ ይጨብጠውና ሲጋምፕ የምትባል ቀለበት መሳይ ሞለኪውል ይሠራል። ቀለበቲቱም ስቲንግ ወደተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ሄዳ ደወሉን ታስደውላለች፤ ኢንተርፌሮን ይመረታል። ከዚህም አልፋ ሕዋሶችን በሚያገናኙ ጠባብ ቱቦዎች ሾልካ ጎረቤትን ታስጠነቅቃለች።

የዘበኛው ድክመት ግን ግልጥ ነው፤ የሚፈርደው በማንነት ሳይሆን በቦታ ነው። በኑክሊየስ ውስጥ የሚገኘው ሲጋስ የገዛ ወገኑን እንዳይከስስ ዲ.ኤን.ኤ. ከተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ እንደሚታገድ በ2020 ታውቋል። ትሬክስ1 የተባለው የዲ.ኤን.ኤ. ጠራጊ ኢንዛይም በውርስ የተበላሸባቸው ሕፃናት ደግሞ ወራሪ ሳይኖር ደወሉ እየጮኸባቸው አንጎላቸው ይጎዳል። ስለዚህ ደወሉን ያለ ልክ ማጉላት መፍትሔ አይሆንም።

ቫይረሶች ይህን ሥርዓት ከኛ እጅግ ቀድመው አጥንተውታል። የኤድስ ቫይረስ ዲ.ኤን.ኤ.ውን በፕሮቲን ሽፋኑ ውስጥ ሸሽጎ ወደ ኑክሊየስ ያጓጉዛል፤ ከሽፋኑ የወጣውንም ትርፍ የሰውየው የራሱ ትሬክስ1 ይጠርግለታል፤ የቤቱን አገልጋይ ለሌባው እንደ ማሠራት ያህል ነው። የማኅፀን በር ነቀርሳ የሚያስከትሉ ቫይረሶች ስቲንግን ራሱን ይይዙታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የፈንጣጣ ወገን ነው። ለፈንጣጣ ክትባት ያገለገለው የቫክሲኒያ ቫይረስ 190,000 ያህል ጥንድ ፊደላት ያሉት ዲ.ኤን.ኤ. ተሸክሞ ወደ ኑክሊየስ ከቶ ሳይገባ፣ ዘበኛው በቆመበት ግቢ መካከል ይራባል። ይህን ያህል ጭነት ፈጽሞ መሸሸግ አይቻልም። ታዲያ እንዴት ይድናል? በ2019 በቦስተን የፊሊፕ ክራንዙሽ የምርምር ቡድን መልሱን አቀረበ፤ ቫይረሱ ፖክሲን የተባለ ኢንዛይም ያመርታል። ፖክሲን ዘበኛውንም ደወሉንም አይነካም። በመካከል የምትሄደውን ቀለበት ብቻ በአንድ በኩል ቆርጦ ይዘረጋታል፤ የተዘረጋችውን ስቲንግ አያውቃትም። ዘበኛው ይጮኻል፤ ድምፁ ግን ከደጅ አይደርስም። ይህ ጂን የጎደለው ቫይረስ በአይጦች ላይ ሲሞከር አቅሙ እጅግ ደክሞ ታይቷል። የፖክሲን ዘመዶች በእሳት ራትና በቢራቢሮ፣ እነርሱንም በሚያጠቁ ቫይረሶች ውስጥ መገኘታቸው ደግሞ መቀሱ ከነፍሳት ዓለም የተወሰደ ሳይሆን እንደማይቀር ያመለክታል።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ለመሐንዲስ ቅርብ ነው፤ ደወሉን ከማጉላት መቀሱን ማደንዘዝ የተሻለ ይመስላል፤ የጤነኛውን ሕዋስ ደወል አይነካምና። ጉዳዩም የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በ1976 በባሌ ተገኘ፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ፤ ለሕዝብ ይሰጥ የነበረው ክትባትም ቆመ። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ትውልድ ያ ጋሻ የለውም። በ2025 በሞያሌ የታየው የዝንጀሮ ፈንጣጣ ቫይረስም የፖክሲንን ጂን ይዞ ይጓዛል።