ጋፋት፤ ከመድፉ ጀርባ የነበረው ማኅበረሰብ



የጋፋት ስም በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚታወሰው ሴባስቶፖል ነው። ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው ይህ መድፍ የቀለጠው በደብረ ታቦር አጠገብ በሚገኘው ኮረብታ ላይ ነው። ይሁንና በዚያው ኮረብታ ላይ ከመድፉ በፊት ትዳር፣ ትምህርትና ጸሎት ነበር።

በባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የተላኩት ጀርመንኛ ተናጋሪ የእጅ ባለሙያዎች ኢትዮጵያ የገቡት በ1848 ዓ.ም. ነው። ፍላድ በጎንደር አቅራቢያ፣ በደንቢያ ጀንዳ ተቀምጦ ቤተ እስራኤልን ያስተምር ነበር። በጋፋት የሰፈሩት ደግሞ የእጅ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሕፃናትንም ያስተምሩ ጀመር። በኋላ የመጡት ቫልድማየርና ዛልሙለር የጆን ቤልን ልጆች አግብተው ከአገሩ ጋር ተዛመዱ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከሰባኪ ይልቅ ባለሙያ ይሹ ነበር። በመጀመሪያ መንገድና ሠረገላ፣ ቀጥሎም መድፍ አዘዙ። የመንግሥቱ ጭንቀት በበረታ መጠን ምድጃው ትምህርቱን እየዋጠ ሄደ። በ1856 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ሽተርንና ሮዘንታል ታሰሩ። በ1859 ዓ.ም. የጋፋት ሰዎችም ከነቤተሰባቸው በጥበቃ ሥር ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዪቱ ተቃጥላ ጉዞ ወደ መቅደላ ሆነ። ትናንት አናጢና መምህር የነበሩት፣ ገደል እየተናደ በሚጠረገው መንገድ ላይ የመድፍ አጓጓዦች ሆኑ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሕይወታቸውን ሠዉ። አብዛኞቹ አውሮፓውያን ከናፒየር ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ግን ቀርቶ በ1871 ዓ.ም. በዐድዋ ዐረፈ። ቫልድማየር በ1865 ዓ.ም. ገደማ በሊባኖስ፣ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ያ ትምህርት ቤት ዛሬም አለ።

ለምህንድስና ሙያ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ የሥልጣኔ ፍላጎታቸው ትክክል ነበር፤ ጊዜ ግን አልሰጣቸውም። ለአንድ ጦርነት ብቻ የታዘዘ ዕውቀት ከጦርነቱ ጋር ያልቃል። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የጋፋት ትምህርት ቤት ግን በስፍራው ወራሽ አላገኘም። መድፉን ያቀለጠው ምድጃ ሲጠፋ፣ ሁለተኛ ምድጃ የሚያነድድ ደቀ መዝሙርም አብሮ ጠፋ።