ጠዋት ጠዋት ስለሚያስረን ቁርጥማትና ስለ ደም ምርመራው

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እዚህ ጣርማ በር ላይ የእጃችን አንጓ ሲያብጥ «ብርድ መታን» እንላለን። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የወረዱ ዘመዶቻችንም ግን በዚያ ሐሩር ውስጥ እየኖሩ ይህንኑ ሕመም ይታመማሉ። ስለዚህ ብርዱ ሕመሙን ቢያብሰው እንኳ ምንጩ እሱ አይደለም። ዛሬ የምንናገረው ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታና በደም ውስጥ ስለሚታየው ምልክቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ተዋሲያንን የሚከላከል አንቲቦዲ የሚባል ዘበኛ አለ። በዚህ በሽታ ጊዜ አንዳንዱ ዘበኛ ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው ይይዛል። በሐኪም ቤት የሚመረመሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሩማቶይድ ፋክተር ነው፤ እሱም ሌላውን ዘበኛ የሚይዝ ዘበኛ ነው። ኤሪክ ቮለር የተባሉ የኖርዌይ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ይህን ያሳዩት በበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ነበር፤ በአንቲቦዲ የተለበጡት ሕዋሳት ከበሽተኛ ደም ውሃ ጋር ሲቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። ሁለተኛው አንቲ ሲ.ሲ.ፒ. ይባላል፤ መንገዱን የከፈቱት በ1998 የሆላንድ ተመራማሪዎች ናቸው።

እንግዲህ ልብ እንበል! ሩማቶይድ ፋክተር የሚገኘው በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች ከ70 እስከ 80 በሚሆኑት ላይ ነው። ስለዚህ «ደምህ ነጻ ነው» የተባለ ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በሳንባ ነቀርሳ፣ በጉበት ብግነት፣ በወባም ጊዜ ይህ ምልክት ሊታይ ይችላል፤ በጤነኛ አዛውንት ደም ውስጥም አይጠፋም። ወባ በሚበረታበት በይፋት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንቲ ሲ.ሲ.ፒ. በበኩሉ እምብዛም አያሳስትም፤ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት እንኳ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ወረቀቱ ብቻውን አይፈርድም፤ የሚፈርደው ወረቀቱንም እጃችንንም አይቶ ሐኪሙ ነው።

ታዲያ መቼ እንሂድ? የጣትና የእጅ አንጓ በሁለቱም በኩል ሲያብጥ፣ ጠዋት ከአልጋ ስንነሣ እጃችን ታስሮ ለመፍታት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲፈጅ፣ ይህም ስድስት ሳምንት ከዘለቀ፣ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከላኩንም «ቆይ ይለፍልኝ» አንበል። የተበላ መገጣጠሚያ ተመልሶ አይበቅልም፤ ቶሎ የታከመ ግን ሊድን ይችላል።

አንድ አደራ አለን። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ እርጉዝ ሴትም አትወስደውም። ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት እየገዛን ዓመት ማሳለፍም በሽታውን አያቆመውም። ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ ይተው፤ በሽታውን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ እሱ ነውና።

ወደ ጠበሉ፣ ወደ ፍል ውሃው አትሂዱ አንልም። መድኃኒቱን ግን አናቋርጥ። ሞፈር የሚጨብጥ፣ እንጀራ የሚጋግር እጅ ከጠመመ በኋላ ማዘን አይጠቅምም። ይህን ላልሰማ ጎረቤት ንገሩልን።