ብረትና የውቅያኖስ ደቂቅ ዕፅዋት



በውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ውስጥ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ፣ አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ደቂቅ ዕፅዋት ይኖራሉ። በፀሐይ ብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብነት ይለውጣሉ፤ በምድር ላይ ከሚከናወነው ከዚህ ሥራ ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ድርሻ ነው። ከካርቦኑም ጥቂቱ ወደ ጥልቁ ሰምጦ ለረጅም ዘመን ከአየር ተለይቶ ይቆያል።

በደቡባዊው ውቅያኖስ ናይትሬትና ፎስፌት ተርፎ ሳለ ዕፅዋቱ የሚጠበቀውን ያህል አይበዙም። ምክንያቱ የብረት እጥረት ነው የሚለውን ሐሳብ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አቀረበ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ በባሕር ላይ የተካሄዱ ሙከራዎችም ሐሳቡን ደገፉ። በዚህ መነሻ ውቅያኖስን እንደ እርሻ በብረት በማዳበር የአየሩን ካርቦን መቀነስ ይቻላል የሚል ዕቅድ ተወጠነ። ይሁን እንጂ የዕቅዱን ዕድል የሚወስነው የዕፅዋቱ መብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የሚበዛው ዓይነትና የመጨረሻ ማረፊያው ነው።

ፖላርሽተርን በተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች ይህን ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የበዙት ዳያቶም የተባሉት፣ የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ዕፅዋት ነበሩ። በሞቱ ጊዜ እርስ በርስ ተጣብቀው ጓል ሠሩ፤ ከበዛው ዕፅ ቢያንስ ግማሹ ከ1,000 ሜትር በታች ሰመጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የጀርመንና የሕንድ ተመራማሪዎች በደቡብ አትላንቲክ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን የባሕር ክፍል ላይ ብረት ጨመሩ። በውኃው ውስጥ ለቅርፊት መሥሪያ የሚበቃ ሲሊሲክ አሲድ ስላልነበረ ዳያቶሞች ሊበዙ አልቻሉም። በምትካቸው የበዙትን ዕፅዋት ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ጋጧቸው፤ ወደ ጥልቁ የወረደውም ካርቦን እጅግ ጥቂት ሆነ። የተጨመረው ብረት አንድ ዓይነት ሲሆን የተገኘው ውጤት ግን ሁለት ዓይነት ነበር።

ጉዳቱም ብረቱ በተረጨበት ስፍራ ተወስኖ አይቀርም። በአንድ ባሕር የበዙ ዕፅዋት ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ሲጨርሱ፣ የውኃው ፍሰት ለሌሎች ባሕሮች የሚያደርሰው ምግብ ሊቀንስ ይችላል። የሰመጠው ሲበሰብስ የጥልቁን ኦክሲጅን ይሻማል። ከዳያቶሞችም መካከል ዶሞይክ አሲድ የተባለ መርዝ የሚያመነጩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን ፕሮቶኮል አባል አገሮች ይህን መሰል ሥራ በሳይንሳዊ ምርምር ብቻ የሚወስን ማሻሻያ የተቀበሉት በዚህ ሥጋት ነው።

መሐንዲስ ግድብ ሲነድፍ፣ ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ የሚያስፈልገውን ውኃ አስቀድሞ ያሰላል። ለውቅያኖስም ከዚህ ያነሰ ስሌት አይበቃም። ከመርከብ የተራገፈውን ብረት መመዘን ቀላል ነው፤ የትኛው ዕፅ እንደበዛ፣ ማን እንደበላው፣ ምን ያህሉ እንደሰመጠና ከሌላው ባሕር ምን እንደጎደለ ሳይለካ ግን «ይህን ያህል ካርቦን ተወገደ» ብሎ ሒሳብ መዝጋት አይገባም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በባሕር ውስጥ የፈሰሰ ብረት ግን ለቃሚ የለውም።