ሥላሴ የተቀበሩትና ጎሬ የቀሩት

(በአዲስ አበባ የሚኖሩ የመቱ፣ የጎሬና የአካባቢው ከተሞች ተወላጆች በተገናኙበት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጨዋታ ቀን ስለ መቃብር ልናገር ስነሳ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» የምትሉኝ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። ግን እኛ ስንጸልይ «ጧሪ ቀባሪ አታሳጣኝ» የምንል ሕዝብ ነን። ለእንጀራ ከምንጨነቀው ባላነሰ ለመቃብራችን እንጨነቃለን። እድር የምንከፍለውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ለራሳችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለአገር የሞቱትን የት እንደ ቀበርናቸው ስንጠየቅ ለምን ዝም እንላለን? የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው።

ከዚህ ብዙ ሳንርቅ፣ አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። መሠረቱ ከፋሽስት ወረራ በፊት ተጥሎ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው ከነፃነት በኋላ፣ ጥር 7 ቀን 1936 ዓ.ም ነው። ግቢውን በእግራችሁ ብትዞሩት የአገራችንን የመቶ ዓመት ፖለቲካ ድንጋይ ላይ ታነቡታላችሁ። አርበኞች አሉ። በ1953 ዓ.ም መባቻ ያረፈችው የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ከእነሱው ጋር ተኝታለች። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት የረሸናቸው ባለ ሥልጣናትም አሉ። እነ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እነ እንዳልካቸው መኰንን በአንድ ጉድጓድ ተጥለው አሥራ ሰባት ዓመት ከቆዩ በኋላ አጽማቸው ወጥቶ እዚህ ያረፈው በ1984 ዓ.ም ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍረው ወጥተው በእቴጌ መነን ጎን ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚያው ግቢ ተቀበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በሕይወት ሳሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጡ ሰዎች ዛሬ አንድ አጥር ውስጥ ተኝተዋል። የሚበላለጡት በአንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱን መንግሥት በሰልፍና በማርሽ ቀበረው፤ ሌላውን ያው መንግሥት የሚባለው ነገር በሌሊት አፈር መለሰበትና ቤተሰቡ እስኪያወጣው አሥርት ዓመታት ጠበቀ። በአገራችን የክብር ቀብር የሚታደለው ሟቹ በሠራው ሥራ ሳይሆን በሞተበት ቀን ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው ፊት እየታየ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንዲሉ፣ የመጣ ሁሉ ከእሱ በፊት የነበረውን ሙት ሁለተኛ ሊገድለው ይፈልጋል።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ፤ ወደ ኢሉባቦር።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ሲወጡ የኢትዮጵያ መንግሥት አልጠፋም። ወደ ጎሬ ሄደ። ዛሬ ብዙ ሰው ስሟን እንኳ ለይቶ የማያውቃት ያቺ የዝናብና የጫካ ከተማ ለወራት የነፃይቱ ኢትዮጵያ መቀመጫ ሆነች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የጊዜያዊውን መንግሥት ሥራ ያዙ፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ተባሉ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተረፉት ወጣቶች የጥቁር አንበሳ ማኅበርን መሥርተው፣ ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነን ሊቀ መንበር አድርገው በምዕራብ ተሰለፉ። በሰኔ 1928 ዓ.ም ነቀምት አጠገብ ቦንያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉትና ጄኔራል ማሊዮኮን የገደሉት እነሱው ናቸው።

ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም ወደቀች። ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከእሳቸው ጋር እጃቸውን ከሰጡት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ፣ እነ ክፍሌ ናሲቡ፣ እነ በላይ ኃይለአብ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ ተረሸኑ። ጠላት ለይቶ የገደለው ማንበብና መጻፍ የሚያውቀውን ነበር።

ጎሬ ላይ ደግሞ አቡነ ሚካኤል ነበሩ። በ1921 ዓ.ም ግብፅ ወርደው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። አብረዋቸው የተሾሙትን አቡነ ጴጥሮስን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ፤ ሐውልት ቆመላቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ጻፈላቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም ለባቡር መንገድ ሲነሳ አገር ተንጫጫ፤ በ2008 ዓ.ም ሲመለስም እልል ተባለ። ደግ ተደረገ፤ ይገባቸዋል። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም ለጣሊያን አልገዛም ብለው በጎሬ ተረሸኑ። ያው ሹመት፣ ያው እምቢታ፣ ያው ጥይት። አሁን እስቲ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ አሥር ሰው ጠይቁ፤ ስንቱ ስማቸውን ይነግራችኋል? ልዩነቱ አንዱ የሞቱት መናገሻ ከተማ፣ ሌላው ጎሬ መሆኑ ነው።

ከዚያ ዘመን ሰዎች ዕድል የቀናቸውም አሉ። ራስ እምሩ በፖንዛ ደሴት ታስረው ተመልሰው በ1972 ዓ.ም ሲያርፉ ደርግ እንኳ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ቀበራቸው። አብረዋቸው የዘመቱትና የታሰሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በኅዳር 1996 ዓ.ም ሥላሴ አረፉ። እሰየው። ነገር ግን ራስ ብቻውን አይዋጋም፤ ስንቅ የተሸከመው፣ በቅሎ የጫነው፣ ምሽግ ውስጥ የወደቀው የት ነው?

አያቴ መቱ ሆና የምትነግረኝ አንድ ነገር ነበር። «የእኛ አገር ዝናብ መስቀል ይበላል» ትለኝ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም። ጎሬ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። መቃብር ላይ የተተከለ የእንጨት መስቀል ሁለት ሦስት ክረምት ቆይቶ ይበሰብሳል። ድንጋይ ያልቻለ ሰው ስሙ ከእንጨቱ ጋር ይሄዳል። ሹሙ በድንጋይ ይቀራል፤ ወታደሩ በዝናብ ይታጠባል።

ድንጋዩም ቢሆን ዋስትና የለውም። ከዓመታት በፊት ከዞኑ ከተሞች በአንዷ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ደብር፣ አንድ ዘመዴን ልቀብር ሄጄ ነበር። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ግቢውን ስዞር አዲስ የተሠራ የግንብ አጥር አየሁ። አንዱ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ አለበት። ጎንበስ ብዬ ሳነበው «...አለቃ» ይላል፤ ከፊቱ ያለው ሲሚንቶ ውስጥ ገብቷል። የአምሳ አለቃ ይሁን የመቶ አለቃ፣ እግዜር ይወቀው። የሰበካውን ሰው ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ጠያቂ የለውም፤ ቦታውም ጠበበ» አሉኝ። አልተቆጣሁም፤ እውነታቸውን ነው። ጠያቂ አልነበረውም።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። «እነዚህ የድሮ መቃብሮች የነፍጠኛና የባላባት ናቸው፤ ለእኛ ምናችን ናቸው?» የሚል አለ። እዚህም አዳራሽ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በአጤ ምኒልክ ዘመን አገሩን ሲገዙ ገባር ሆኖ የኖረው ሕዝብ ቂም የለውም ብዬ አልዋሽም። የብዙውን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ያመላለሰው ያው ገባር ነው። ታዲያ መልሱ መቃብሩን ማፍረስ ነው? ካፈረስነውማ በደሉንም ማስረጃውንም አብረን ቀበርነው ማለት ነው። የሹሙ ስም ይኑር፤ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ስምም ይጻፍ። በ1928 ከጠላት ጋር የተዋጋው ኦሮሞው፣ አማራው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ነው። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረም፤ ሁሉም ግን ስም ነበረው።

ነገሩ የድሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም በተደረገው የኤርትራ ጦርነት፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በሰሜን በተደረገው ጦርነት የኢሉባቦር ልጆች ሄደዋል። ስንት እናት ናት ፎቶግራፍ አስቀምጣ ያለ ሬሳ ያለቀሰችው? የሟቾቹ ስም ዝርዝር ታትሞ በየወረዳው ሲለጠፍ አላየንም። የውጭ ሰዎች በ1933 ዓ.ም ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ አገራችን ላይ ለሞቱባቸው ወታደሮች እዚሁ አዲስ አበባ መካነ መቃብር ሠርተው፣ በየድንጋዩ ስም ጽፈው፣ ሣር እያጨዱ ይጠብቃሉ። እኛ በገዛ አገራችን የገዛ ልጆቻችንን ስም ለመጻፍ ምን ቸገረን? ይህን መጠየቅ ተቃዋሚ የሚያስብል ከሆነ፣ እኔን ተቃዋሚ በሉኝ።

መንግሥትን መጠየቃችንን አንተውም። ነገር ግን መንግሥት እስኪያስብልን ብንጠብቅ ሽማግሌዎቻችን ያልቃሉ። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ ደብተርና ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመቱም፣ በጎሬም፣ በቡሬም፣ በበደሌም በየደብሩ ያለውን የመቃብር ጽሑፍ ፎቶ አንሱ፤ ገልብጡ። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ፈልጉና «እዚህ ማን ተቀበረ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በኦሮምኛ የነገሯችሁን በኦሮምኛ ጻፉት። ሦስተኛ፣ ማኅበራችን ይህን ሰብስቦ አንድ መዝገብ ያኑር፤ ቅጂውንም ለየደብሩና ለየወረዳው ይስጥ። ግንብ ለመገንባት የቦታው ጥበት ግድ ቢል እንኳ፣ ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት ስሙ ወረቀት ላይ ይቅር።

ይህን ሁሉ ለእናንተ መንገሬ ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ አውቃለሁ። ሙታኑ የእናንተው ናቸው። እኔ ግን ያ ሲሚንቶ የዋጠው ስም ከዓይኔ አልጠፋም። በሚቀጥለው ዓመት ስንገናኝ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ባየው፣ የመጀመሪያውን መስመር እኔ እሞላዋለሁ፦ «ስሙ ያልታወቀ አለቃ፤ በአጥር ውስጥ ይገኛል።»