የሽንኩርት ኬሚካል፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እና የወንድ ዘር

የዛሬው ጉዳያችን በአደባባይ የማይነሣ፣ በየቤቱ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ለሰብል የምንረጨው ኬሚካል የወንድን ዘር እንዴት ይጎዳል? ከጥቁር አዝሙድ የሚጨመቀው ዘይትስ ምን ያህል ይከላከላል?

በፎገራ ሩዙ ታጭዶ ሲነሣ የርብና የጉማራ ወንዞች ውሃ በፓምፕ ይሳብና ሜዳው ሽንኩርት ይለብሳል። ሽንኩርቱን ደግሞ ትሪፕስ የተባለው ጥቃቅን ተባይ አይለቀውም፤ ስለዚህ በጥርና በየካቲት መርጫው ከጀርባ አይወርድም። የሚረጩት ማላታይንና ፕሮፌኖፎስ የአንድ ቤተሰብ ኬሚካሎች ናቸው፤ ተባዩን የሚገድሉት ነርቩን አውከው ነው። ጉዳታቸው ግን በነርቭ አያበቃም። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የዘሩ ቁጥር ቀንሷል፣ እንቅስቃሴው ደክሟል፣ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞንም ወርዷል።

ጉዳዩ የአይጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለውን የአፈር ትል ማጥፊያ የሚያመርቱ ሠራተኞች ልጅ እንዳጡ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነቁ። ሲመረመሩ የብዙዎቹ ዘር እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ጭራሽ ያልነበራቸውም ነበሩ። ከኬሚካሉ ከራቁ በኋላ የአንዳንዶቹ ተመለሰ፣ የሌሎቹ ሳይመለስ ቀረ። ዲቢሲፒ እኛ ሽንኩርት ላይ ከምንረጨው የተለየ ኬሚካል ነው፤ ሆኖም ሰው ምንም ሳያመው ዘሩ ሊጎዳ እንደሚችል ዓለም በደንብ የተረዳው ያኔ ነው።

የወንድ ዘር ለምን ይህን ያህል ስስ ሆነ? የዘሩ ሕዋስ ሽፋን በኦክስጅን በቀላሉ የሚጠቃ ቅባት የበዛበት ነው። ብዙ የቆየ የኑግ ዘይት ሽታውና ጣዕሙ እንደሚለወጥ፣ ኬሚካሉ በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሳቸው ጎጂ ቅንጣቶችም ያንን ቅባት ያበላሹታል። ሕዋሱ ራሱን የሚጠግንበት አቅም ትንሽ ነው፤ ቅባቱ ሲበላሽ ጅራቱ አይዋኝም።

ዘይቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኢቫንስና ቢሾፕ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች፣ ዛሬ ቫይታሚን ኢ የምንለው ነገር የጎደላቸው አይጦች መራባት እንደሚያቅታቸው አሳዩ። ኋላም የስንዴ ፅንስ ዘይት ይህን ጉድለት እንደሚሞላ ታወቀ። ቫይታሚን ኢ ቅባቱን ከዚያ ብልሽት ይጠብቃል፤ ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ታይሞኪኖን የሚባል የራሱ መከላከያ አለው። ክሎርፒሪፎስ ከተባለው ፀረ ተባይ ጋር የጥቁር አዝሙድ ዘይት የተሰጣቸው ወንድ አይጦች፣ ኬሚካሉን ብቻ ከወሰዱት ያነሰ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በሰው ላይም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኢራን ሙከራ አለ፤ የዘር ችግር የነበረባቸው ወንዶች በቀን 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ለሁለት ወር ወስደው የዘራቸው ቁጥርና እንቅስቃሴ ተሻሽሏል።

ይህን የሰማ ሰው ነገ ዘይቱን ገዝቶ እንደ ልቡ ሊረጭ ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የኢራኑ ሙከራ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 68 ብቻ ነበር፤ ኬሚካል የሚረጩ ገበሬዎችን ለይቶ ያጠና አይደለም፤ የለካውም የዘሩን ጥራት ነው። ለአይጦቹ የተሰጠው ዘይትም ጉዳቱን ያቀለለ ብቻ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ይህ ዘይት ሁለቱንም ሊያወርድ ስለሚችል ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። በዳቦና በበርበሬ የምንበላው መጠን ግን አያሳስብም።

ከዘር የተጨመቀ ሁሉ ለወንድ ይበጃል ማለትም አይደለም። ያልተጣራ የጥጥ ፍሬ ዘይት ጎሲፖል የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። በቻይና ይህን ዘይት በሚበሉ መንደሮች ልጅ መወለድ እየጠፋ ሲሄድ ምክንያቱ እሱ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹም ለወንድ የወሊድ መከላከያነት በሺዎች በሚቆጠሩ ወንዶች ላይ ተሞክሯል። ፋብሪካ ውስጥ በደንብ የተጣራው ላይ ይህ ስጋት የለም።

ዋናው መከላከያ ከቆዳችሁ ይጀምራል። ፓራቲዮን በተባለ፣ የእነ ማላታይን ዘመድ በሆነ ኬሚካል ላይ በተደረገ ጥናት፣ የወንድ ብልት ከረጢት ቆዳ ከክንድ ቆዳ 12 እጥፍ ገደማ አሳልፎ ሲያስገባ ተገኝቷል። እንግዲህ የሚያፈስ መርጫ አዝሎ፣ በቁምጣ፣ በረጠበ ሽንኩርት መካከል የሚሄድን ወጣት አስቡት። ከጀርባው የሚንጠባጠበው ወገቡን አልፎ የት ነው የሚያርፈው? ስለዚህ የመርጫውን ክዳንና ቱቦ ሳትረጩ በፊት ፈትሹ። ረጅም ሱሪ፣ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት አትርጩ። ኬሚካል በሃይላንድ ተቀድቶ ሲሸጥ አትግዙ፤ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚነግራችሁ ጽሑፍ የለውም። ስትጨርሱ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሱንም ከቤተሰብ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ፤ አጣቢዋ እናትም ጓንት ያስፈልጋታል።

ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሚስት ነው፤ በዚህ የተነሣ ትዳር ይፈርሳል። ነገር ግን ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ችግር አለበት። አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ባልና ሚስት አብራችሁ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሂዱ። የወንዱ ምርመራ ሕመም የለውም፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነው። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ በየካቲት የተረጨው በግንቦት ምርመራ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምን እንደምትረጩና መቼ እንደረጫችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከቻላችሁም በኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩት።