ሜዲኬይድ ካርዳችሁና የቤተሰብ ምጣኔ
(በሜሪላንድ ለሚኖሩ ባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችሁ በቦርሳችሁ ስለያዛችሁት የሜዲኬይድ ካርድ ነው።

አንዲት እናት በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወስድ ነበር። ሜዲኬይድ ካገኘች በኋላ ግን «አዲሱ ሐኪሜ ሪፈር ካልጻፈልኝ ወደ ቀድሞው ክሊኒክ መሄድ አልችልም» ብላ ቀጠሮ ስትጠብቅ መርፌው ጊዜው አለፈ። ባለቤቷም የመሰለው ይኸው ነበር። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተቱ ከምን እንደመጣ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሜዲኬይድ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የሕክምና ዋስትና ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸፍኑት የፌዴራሉ መንግሥትና ስቴቱ በጋራ ናቸው። ሜሪላንድ በ1997 እ.ኤ.አ. ሄልዝቾይስ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረች። በዚህ ፕሮግራም ስቴቱ ለጤና ዋስትና ድርጅቶች በአባላት ቁጥር ልክ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። አባሉ ታመመም አልታመመም ይከፈላል። ድርጅቱ ደግሞ ከሐኪሞችና ከሆስፒታሎች ጋር ይዋዋላል፤ የሕክምናውንም ሂሳብ ይከፍላቸዋል።

አባሉ በመጀመሪያ ድርጅቱን፣ ቀጥሎም ድርጅቱ ከተዋዋላቸው ሐኪሞች አንዱን ይመርጣል። ድርጅት ካልመረጠ ስቴቱ ይመድብለታል። ካልተስማማው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ፣ ከዚያም በየ12 ወሩ መለወጥ ይችላል። ወደ ስፔሻሊስት ለመሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙ ሪፈር ይጠየቃል። ባልና ሚስቱን ያሳሳታቸውም ይህ ነው።

የቤተሰብ ምጣኔ ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት አባሉ ሜዲኬይድን ወደሚቀበል ማንኛውም የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ሰጪ ያለ ሪፈር መሄድ ይችላል። ክሊኒኩ ከድርጅቱ ጋር ያልተዋዋለ ቢሆንም እንኳ መብቱ አይቀርም። ከኪሱም አይከፍልም፤ ክሊኒኩ ሂሳቡን የሚጠይቀው ድርጅቱን ነው። እርግዝና ቀጠሮ አይጠብቅምና ይህን መብት ሁለታችሁም ልታውቁት ይገባል። ቋሚ የወሊድ መከላከያ የሚፈልጉ ግን ቀደም ብለው ያስቡበት፤ ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ መሆን አለበት፣ በፈቃደኝነት ቅጹ ላይ ከፈረሙም በኋላ ቢያንስ 30 ቀን መጠበቅ አለባቸው።

ወደ ድርጅቱ ከመግባቷ በፊት የእርግዝና ክትትል የጀመረች እናትም ከጀመረችበት ሐኪም ጋር መቀጠል ትችላለች። በሜሪላንድ ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእናቲቱ ዋስትና ከወሊድ በኋላ ለ12 ወራት ይቆያል። ስለዚህ ቀጣዩን ልጅ መቼ እንደምትወልዱ ለመመካከርና የሚስማማችሁን ዘዴ ለመምረጥ በቂ ጊዜ አላችሁ።

ቋንቋ ለቸገራችሁ ድርጅቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አማርኛ እንደምትፈልጉ በስልክ ተናገሩ። ባልና ሚስት የሚነጋገሩበትን ጉዳይ ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

በመጨረሻ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ካርዱን ያዙ። አድራሻ ስትለውጡ አስታውቁ። የማደሻ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ሳትዘገዩ መልሱ፤ ካልመለሳችሁ ዋስትናው ሊቋረጥ ይችላል።

ያቺ እናት በኋላ ደውላ ጠየቀች፤ ተመርምራም እርጉዝ አለመሆኗ ታወቀ። እናንተ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።