ሦስቱ ሙከራዎች

እሱ፦ ቶኪዮ፣ 2021 ኦሊምፒክ። ትራንስጀንደሯ የኒውዚላንድ ክብደት አንሺ ሎረል ሃባርድ በ43 ዓመቷ መድረክ ላይ ወጣች። 120 ኪሎ ሞከረች፣ አመለጣት። 125ን ከጭንቅላቷ በላይ ብታደርሰውም ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ሦስተኛውም ወደቀባት። በቃ፣ ከውድድር ውጪ።

እሷ፦ ስንቱ ወርቅ ትወስዳለች ብሎ ሲጮህ ደረጃ እንኳ አላገኘችም። ታዲያ ብልጫው የታል?

እሱ፦ በአንድ ሰው መውደቅማ ደንብ አይወጣም። የወንድ ጉርምስና ቁመት ይሰጣል፣ አጥንት ያደነድናል። ቴስቶስተሮን በኋላ ቢቀንስ ቁመት አይቀንስ! የዓለም አትሌቲክስ በ2023 በወንድ ጉርምስና ላለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች የሴቶችን ምድብ በር የዘጋው ለዚህ ነው።

እሷ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተስማማን። እኔ ያልተዋጠልኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ከመስከረም 2025 ወዲህ በዓለም ሻምፒዮና በሴቶች ምድብ የምትሮጥ ሁሉ፣ የኛም ልጆች ጭምር፣ ከጉንጯ ናሙና ወይም ደም ተወስዶ ኤስ አር ዋይ የሚባለው፣ የወንድ ጾታን የሚያመለክተው ዘረመል እንዳላት ይመረመራል።

እሱ፦ በዕድሜ አንዴ ነው እኮ!

እሷ፦ አንዴስ ቢሆን? ሴት ሆና ያደገች ልጅ ድንገት «አይሆንም» ስትባል ማን አጠገቧ ይቆማል? ደቡብ አፍሪካዊቷ ሯጭ ካስተር ሰሜንያ ትራንስጀንደር አይደለችም። ግን በ2009 በርሊን ላይ በ800 ሜትር ስታሸንፍ፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ የጾታ ምርመራዋ ገመና የዓለም ወሬ ሆነ።

እሱ፦ እሱስ ነውር ነበር። ውጤቱ በምስጢር ይያዝ። ምርመራው ይቅር ግን አልልም።

እሷ፦ እንግዲያው የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ናሙና ከመውሰዱ በፊት ለልጆቹ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያስረዳ ሐኪም ያዘጋጅ። አድማጮቻችን፣ እናንተስ? መስመራችን ክፍት ነው።